የአስታማሚው ቤተ ጸሎት

በእንግሊዝ አገር በደቡብ በኩል፥ ሃምፕሺር በሚባለው አውራጃ፥ በርክሌር በምትባል የገጠር መንደር ውስጥ ከቀይ ጡብ የተሠራች አንዲት ቤተ ጸሎት አለች፤ ጉልላት የላትም፥ ደወል የሚሰቀልበት ረጅም ግንብ የላትም፥ በግራና በቀኟ ተያይዘው የተሠሩት ሁለት ትናንሽ ቤቶችም ለችግረኞች መጠለያ የታሰቡ ስለ ሆኑ፥ መንገደኛ ከውጭ አይቷት የመንደር ትምህርት ቤት መስላው ቢያልፍ አይፈረድበትም። ደጃፏን ተሻግሮ የገባ ሰው ግን ከግራ፥ ከቀኝና ከፊት ለፊት፥ ከወገብ ከፍታ ጀምሮ እስከ ጣሪያው ድረስ በሥዕል ተከቦ ይቆማል። ሥዕሎቹ 19 ናቸው፤ ሁሉንም የሣላቸው ስታንሊ ስፔንሰር የተባለ አንድ ሰው ነው፤ ሥራውም የተሠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1927 እስከ 1932 ባለው ዘመን ነው (በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)።

የቤተ ጸሎቲቱ መነሻ አንድ ሞት ነው። ሄንሪ ዊሎቢ ሳንዳም የተባለ መኮንን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በመቄዶንያ ዘምቶ ሲመለስ ከዚያው ይዞት በመጣው ሕመም በ1919 ዐረፈ፤ እኅቱ ሜሪና ባሏ ሉዊስ ቤህሬንድ መታሰቢያ ሊያቆሙለት ወደዱ። ስፔንሰር በበኩሉ በ1923፥ ግድግዳ ይቅርና የግድግዳ ተስፋ እንኳ ሳይኖረው፥ የጦር ዘመኑን ትዝታ በወረቀት ላይ እየነደፈ የአንድ ሙሉ ቤተ ጸሎት ሥዕል አዘጋጅቶ ነበርና፥ ባልና ሚስቱ ንድፉን ባዩ ጊዜ ቤቱን ለሥዕሉ ሲሉ አሠሩት፤ ሥዕል ለቤት ሲሠራ በተለመደበት ዓለም እዚህ ቤት ለሥዕል ተሠራ። ሕንፃውን የነደፈው ላዮኔል ፒርሰን ሲሆን፥ ይህ ሰው ቀደም ብሎ በ1925 በለንደን ከተማ ለመድፈኞች ክፍል በተሠራው መታሰቢያ ላይ ከቀራጺው ከቻርልስ ጃገር ጋር የሠራ ነው። የለንደኑ መታሰቢያ ከድንጋይ የተጠረበ ግዙፍ መድፍ ተሸክሟል። በበርክሌር መድፍ የለም፤ በመድፉ ቦታ ላይ የሻይ ማፍያ፥ የተቆለለ የታጠበ ልብስ፥ የዳቦ ትሪና የወለል መፈግፈጊያ ውኃ ተሥሏል።

ስፔንሰር በ1891 በቴምዝ ወንዝ ዳር በምትገኘው በኩክሃም መንደር ተወለደ። አባቱ ኦርጋን የሚመታ የሙዚቃ መምህር ነበር፤ ቤተ ሰቡም መጽሐፍ ቅዱስን ጮኾ በማንበብ የኖረ ነበርና፥ ልጁ የመንደሩን መንገድና የመንደሩን መቃብር ከኢየሩሳሌም ለይቶ ማየት እስኪሳነው ድረስ ነገረ መጻሕፍትን ከደጁ ጋር ቀላቅሎ አደገ። በለንደን ስሌድ በተባለው የሥዕል ትምህርት ቤት ተምሮ ስሙ መታወቅ ሲጀምር ጦርነቱ መጣ፤ በ1915 በሠራዊቱ የሕክምና ክፍል ገብቶ በብሪስቶል ከተማ፥ ቀድሞ የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ በነበረው በቦፎርት የጦር ሆስፒታል አስታማሚ ሆነ። ዕጣው ባልዲ መሸከም፥ ወለል መፈግፈግ፥ አልጋ ማንጠፍ፥ ሻይ ማመላለስና በሲስተሮች ቁጣ ሥር መዋል ነበር። በ1916 ወደ መቄዶንያ ተላከ፤ ቅዱስ ጳውሎስ በሌሊት ራእይ ተጠርቶ የተሻገረባትን፥ ለተሰሎንቄ ሰዎችም መልእክት የጻፈላትን ያችን አገር ስፔንሰር ያያት በበቅሎ የሚጎተት ቁስለኛ እየተቀበለ፥ በወባ እየተንቀጠቀጠ፥ በመጨረሻም በፈቃዱ ወደ እግረኛ ጦር ተዛውሮ ጠመንጃ ተሸክሞ ነው። ጦርነቱ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በሌላ ግንባር ወንድሙ ሲድኒ ተገደለ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያየ ሰው አምስት ዓመት ሙሉ ጦርነትን ይሥላል ቢባል ምን ይጠበቃል? የሚጠበቀው የለም። ከቤተ ጸሎቲቱ ግድግዳ ላይ አንድም የሚተኩስ ሰው፥ አንድም ጠላት፥ አንድም ድል አይገኝም። በግራ በኩል በመጀመሪያው ሥዕል ክንዳቸው በነጭ ጨርቅ የታሰረ ቁስለኞች ጣሪያ በሌለው አውቶቡስ ተጭነው በሆስፒታሉ በር ይገባሉ። ከሥሩ ባለው ጠባብ ሥዕል በመድፍ ድምፅ አእምሮው የታወከ አንድ ወታደር ከወለሉ ላይ ተዘርግቶ ይፈገፍጋል፤ ዳቦ የተሸከሙት አስታማሚዎች በአጠገቡ ይጣደፋሉ። አንዱ የባልንጀራውን ጀርባ አዮዲን ይቀባል፤ አንዱ በውርጭ የተጎዳ እግር ያክማል፤ አልጋው እስኪነጠፍለት ድረስ አንዱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይጠብቃል፤ በሕሙማኑ ክፍል ማርማላት የተቀባ ዳቦ እንደ ጉድ ተከምሯል። ወደ መቄዶንያው ወገን ሲዞሩ ደግሞ ወታደሮች ከዓለት በሚወርድ ውኃ ኮዳቸውን ሊሞሉ ይንጠራራሉ፥ በአጎበር ውስጥ ሆነው ልብሳቸውን ይለብሳሉ፥ እሳት እንዳይዛመት በሰፈራቸው ዙሪያ ያለውን ሣር አስቀድመው ያቃጥላሉ። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል መኮንን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በፈረስ ላይ ተቀምጦ ትልቅ ካርታ ዘርግቶ ያነባል፥ ወታደሮቹ ግን ካርታውንም መኮንኑንም ትተው ከሥሩ ተጋድመዋል፥ አንዳንዶቹም ከቁጥቋጦው ፍሬ ይለቅማሉ።

ይህን ያነሣሣው አንድ መጽሐፍ እንደ ሆነ ሰዓሊው ራሱ የተናገረው ነው። በቦፎርት ሳለ፥ የሚሠራው ሥራ ነፍሱን ያደነዝዛት በነበረበት ጊዜ፥ ዴዝመንድ ቹት የተባለ የተማረ ወጣት ሊጠይቀው መጥቶ ከቅዱስ አውግስጢኖስ የኑዛዜ መጽሐፍ ጋር አስተዋወቀው፤ በዚያም እግዚአብሔር ዘወትር በሥራ ላይ ያለ፥ ዘወትርም በዕረፍት ያለ፥ ሳይጎድለው የሚሰበስብ መሆኑን የሚናገረውን ስፍራ አገኘ። ለባሕታዊ የተጻፈ የሚመስለው ይህ ቃል ባልዲ ለተሸከመ ሰው ሌላ ፍቺ ሆነለት፦ ማምጣትና መውሰድ፥ መደርደርና ማንሣት፥ ማቆሸሽና ማጠብ፥ ማለቂያ የሌለው ይህ ምልልስ፥ ከእግዚአብሔር ግብር ራቅ ያለ ሳይሆን የእርሱ አምሳል ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ አደገኛ ትምህርት ነውና። ትንሹ ሥራ ቅዱስ ነው፥ ሎሌነት ክብር ነው፥ በትሕትና ማገልገል የመንግሥተ ሰማያት መንገድ ነው የሚለውን ስብከት ከጥንት ጀምሮ ጌቶች ለሎሎቻቸው፥ አዛዦች ለታዛዦቻቸው ሲሰብኩት ኖረዋል፤ ሰባኪው ሰባት ጊዜ ከሚታጠፍ ካባው ሳይወርድ የሚሰብከው ስለ ሆነ ነገሩ እውነት ሆኖ ሳለ በአፉ ላይ ሐሰት ይሆናል። የቦፎርት ሆስፒታል አዛዥ ገንዘብ አውጥቶ፥ ሰዓሊ ቀጥሮ፥ ወለል የሚፈገፍጉትን ሰዎች ከነቅድስናቸው አሥሎ በአዳራሹ ሰቅሎ ቢሆን ኖሮ፥ ሥዕሎቹ አንድ መሥመር ሳይለወጥባቸው ነውር በሆኑ ነበር። የበርክሌርን ግድግዳ ከዚህ ነውር የሚያድነው፥ በእኔ አስተያየት፥ የቀለሙ ብቃትም የአሣሣሉ አዲስነትም አይደለም፤ ወለሉን የፈገፈገው እጅና ሥዕሉን የሣለው እጅ አንድ መሆናቸው ነው። የአገልጋይነትን ክብር ለመመስከር ሥልጣን ያለው ያገለገለው ብቻ ነው። ያም ቢሆን የሚመሰክረው በዚያን ጊዜ ደስ ብሎት ነበር ብሎ አይደለም፤ አልነበረም፤ ቅድስናው የተገለጠለት ሥራው ካለፈ በኋላ፥ በትዝታ መነጽር፥ ያም በብዙ ድካም ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነገሩ እንግዳም ነው፥ እንግዳም አይደለም። ገዳማችንን የሚያውቅ ሰው፥ መናኝ ሊሆን የመጣ ሁሉ አስቀድሞ በአመክሮ ዘመኑ ውኃ እንደሚቀዳ፥ እንጨት እንደሚሰብር፥ እህል እንደሚፈጭ፥ ለአረጋውያን እንደሚራዳ፥ ቆብ የሚደፋለትም በዚህ ተፈትኖ ሲያልፍ እንደ ሆነ ያውቃል። በጸሎተ ሐሙስም ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናኑን እግር ያጥባል። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 6 የተመረጡት ሰባቱ ዲያቆናት፥ አለቃቸው ቅዱስ እስጢፋኖስ ጭምር፥ የተሾሙት ለማዕድ አገልግሎት ነበር። ትምህርቱ እንግዲህ ከእኛ ዘንድ ሙሉ ነው። ነገር ግን ወደ መቅደሳችን ግድግዳ ዓይናችንን ስናነሣ የምናየው ፍጻሜውን እንጂ መንገዱን አይደለም፦ ሰይፋቸውን መዘው በሩን የሚጠብቁትን መላእክት፥ ምስለ ፍቁር ወልዳን፥ በፈረስ የተቀመጡትን ሰማዕታት፥ አክሊል የወረደላቸውን ጻድቃን። ውኃ የቀዳው ረድእ በገድሉ ንባብ ውስጥ አለ፤ በሥዕሉ ላይ ግን ቅዱስ ከሆነ በኋላ ነው የሚገባው።

በግድግዳችን ላይ ከቅዱሳን ቀጥሎ ስፍራ የሚያገኘው ሌላ ሰው አለ፤ እሱም ሥዕሉን ያሣለው ባለጸጋ ነው። ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ፥ ስሙ ከአጠገቡ ተጽፎ፥ አማላጅነቷን ይማፀናል። የሣለው ደብተራ ግን፥ ብዙ ጊዜ በቆሎ ተማሪነቱ ኮቸሮ ለምኖ ያደገው ያ ሰው፥ ስሙም መልኩም የለም። ልማዱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ስፔንሰር እንደ አርአያ የተመለከተው የጥንቱ ሰዓሊ የጆቶ ሥዕል በሚገኝበት በኢጣልያ በፓዱዋ ቤተ ጸሎት፥ ኤንሪኮ ስክሮቬኒ የተባለው ባለሀብት በፍርድ ቀን ሥዕል ላይ ከሚድኑት ወገን ተንበርክኮ ያሠራውን ቤት በእጁ ያቀርባል፤ አባቱን በአራጣ አበዳሪነቱ ባለቅኔው ዳንቴ በግጥሙ በገሃነም እንዳስቀመጠው ሲታሰብ የልጁ ጥንቃቄ አያስገርምም። በበርክሌር ግን ቤህሬንዶች ገንዘባቸውን አፍስሰው ከግድግዳው ላይ የሉም፤ የሚገርመውም፥ መታሰቢያው የቆመለት ሳንዳም ራሱ የመታሰቢያው ባለታሪክ አይደለም። ቤቱ ሲባረክም ስያሜው የነፍሳት ሁሉ ቤተ ጸሎት ተባለ። ኀዘንተኛ እኅት የወንድሟን መልክ ለማየት ብትገባ የምታገኘው ባልዲ የተሸከመ ስሙ የማይታወቅ ሰው ነው። ይህን ለመቀበል ከሰዓሊው ትሕትና ይልቅ የአሠሪዎቹ ትሕትና የበለጠ ሳይሆን አይቀርም፤ ስለ እነሱ ግን ብዙ ሲነገር አልሰማሁም።

አሁን ተቃውሞውን መስማት ይገባል። ጦርነት መግደል ነው፤ መግደልን አውጥቶ ሻይና ዳቦን ያስቀረ ሥዕል ጦርነትን አለስልሶ አላቀረበምን? ሰዓሊው ራሱ በእግረኛ ጦር ውስጥ ነበር፤ ስለዚህ ያላየውን አልሣለም ተብሎ ብቻ ሊመለስለት አይቻልም። እኔ በዚህ ነገር ላይ ሙሉ ዕረፍት የለኝም። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛው፥ ጦርነቱ ከግድግዳው ላይ ባይኖርም ያደረገው ሁሉ አለ፤ ከወለሉ ላይ የተዘረጋው ሰው ፊቱን ለማንም አያሳይም፥ ፍግፈጋውም ከሥራ ይልቅ ሕመም እንደ ሆነ ለመረዳት ሐኪም መሆን አያሻም። ሁለተኛውም፥ ግድያን የሚሥል ሰዓሊ ወደደም ጠላም ገዳይ መሣሉ የማይቀር ነው፥ ገዳይ ከተሣለ ደግሞ ወገን ይኖራል፥ ወገን ካለ ጠላት ይኖራል። በጥንቱ የአሣሣል ልማዳችን ክፉዎች ፊታቸው ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይናቸው ብቻ ይሣሉ ነበር፤ በበርክሌር በዚያ ሥርዓት ሊሣል የሚገባው ሰው ተፈልጎ አይገኝም። ይህ ድክመት ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ምርጫ ነው እላለሁ፥ ምርጫው የሚያስከፍለው ዋጋ እንዳለ ሳልክድ።

ዋጋው የሚታየው ከመሠዊያው በላይ፥ ምሥራቃዊውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሸፈነው በወታደሮች ትንሣኤ ሥዕል ላይ ነው። ይህን ሥዕል በ1928 እና በ1929 ሣለው። አስቀድሞ እንደ ጆቶ በርጥብ ልስን ላይ ሊሥል አስቦ ነበር፤ ኋላ ግን ያን ትቶ ሸራውን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ በዘይት ቀለም ሠራው። በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥሎ ከመቅደስ ግድግዳ ጋር መለጠፍ ለእኛ ሰዓልያን የቆየ ሙያ ነውና፥ አንድ የጎንደር ሰዓሊ በዚያ ቢያልፍ ስለ ማጣበቂያው የሚለው ባላጣ ነበር።

በእኛ ሥዕል ትንሣኤ ማለት ክርስቶስ ወደ ሲኦል ወርዶ የአዳምንና የሔዋንን እጅ ይዞ ሲያወጣ ነው፤ ኃይሉ ሁሉ ከጌታ ነው፥ የሰው ድርሻ መሳብ ብቻ ነው። በበርክሌር ወታደሮቹ ከመቃብራቸው ወጥተው፥ አንዱ ሌላውን ከእሾሃማ ሽቦ እያላቀቀ፥ አንዱ ገምባሌውን እየጠቀለለ፥ አንዱ ኤሊ እየዳሰሰ፥ እርስ በርሳቸው እጅ እየተጨባበጡ፥ በመቃብራቸው ላይ ተተክሎ የነበረውን ነጭ መስቀል ይዘው ወደ ክርስቶስ ይሄዳሉ። ክርስቶስ ግን ከሥዕሉ በላይኛው ክፍል ርቆ፥ ነጭ ለብሶ፥ መጠኑም አንሶ ስለሚታይ፥ ዓይን እሱን ከማግኘቱ በፊት በመስቀል ጫካ ውስጥ ብዙ ይደክማል። መስቀሉን ሲሰጡት፥ ዘመቻ ያለቀበት ወታደር የመንግሥት ዕቃውን ለግምጃ ቤት እንደሚያስረክብ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ከጎን ግድግዳው ላይ የዕቃ ፍተሻ ሥዕል መኖሩም ይህን አስተያየት ያበረታዋል። በሕይወት ሳሉ ያስረከቡት ኮዳና ብርድ ልብስ ነበር፤ አሁን የሚያስረክቡት ሞታቸውን ነው።

ሚዛን የለም፤ በግራ የሚቆም ፍየል የለም፤ ገሃነም የለም። ሊቃውንቶቻችን ይህን ቢያዩ ፍርድ የሌለበት ትንሣኤ ግማሽ ትምህርት ነው ብለው እንደሚነቅፉት አልጠራጠርም፤ ነቀፋቸውም ከንቱ አይደለም። ከዚህም ሌላ ከእነዚህ ሥዕሎች ፊት ቆሞ ለማን ይጸለያል? ከጊዮርጊስ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው ጊዮርጊስን ይማፀናል፤ ከሻይ ቀጂው ፊት የቆመ ማንን ይማፀን? ቤተ ጸሎቲቱ በ1947 ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር መሰጠቷና ዛሬ ከሚጸልይባት ይልቅ የሚጎበኛት መብዛቱ ከዚህ ጥያቄ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ነው ለማለት አልደፍርም። በሳሴክስ አውራጃ በቤርዊክ መንደር ያለውን ቤተ ክርስቲያን ዳንከን ግራንትና ቫኔሳ ቤል በሁለተኛው ጦርነት ዘመን ሲሥሉት፥ ሁለቱም አማኞች ሳይሆኑ፥ እመቤታችንን በቫኔሳ ልጅ መልክ፥ እረኞቹን በአካባቢው ሰዎች መልክ አድርገው ሥለዋል፤ በዚያ ግን የሚሠግድ ሰው የሚሠግድለትን ያውቃል፥ ሥርዓቱ የቆየው ነውና። አማኙ ስፔንሰር በበርክሌር የሠራው ሥራ ከማያምኑት ሰዎች ሥራ ይልቅ ለጸሎት የሚያስቸግር መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፥ በርክሌር ሰውን ምልጃ አታስለምነውም፤ ዘመኑን ሁሉ ያገለገሉትን ሰዎች በዓይነ ኅሊናው እያመጣ አንድ በአንድ እንዲያስታውስ ታስገድደዋለች። ይህ ጸሎት ይባል እንደ ሆነ የነገረ መለኮት ሰዎች ይወስኑት።

ከመስቀሎቹ መካከል፥ በሥዕሉ እምብርት ላይ፥ ሁለት በቅሎዎች አሉ። ልጓማቸውና ጭነታቸው ሳይፈታ ወድቀው ሞተው የነበሩ ናቸው፤ አሁን አንገታቸውን ወደ ክርስቶስ መልሰዋል። በእኛ መምህራን ትምህርት ትንሣኤ ሙታን የሰው ነው እንጂ የእንስሳ አይደለም፤ አስተማሪ ቢጠይቀኝ እኔም እንደዚያው እመልሳለሁ። ነገር ግን ስፔንሰር በ1919፥ ከጦሩ በተመለሰ ማግሥት፥ ስሞል በተባለች የመቄዶንያ ስፍራ ቁስለኞች ወደ ሕክምናው ጣቢያ ሲደርሱ የሚያሳይ ሌላ ሥዕል ሥሎ ነበር፤ በዚያም ሥዕል ቁስለኞቹን በቃሬዛ ጎትተው ያመጡት በቅሎዎች ተሰልፈው፥ ጆሯቸውን አቁመው፥ ሐኪሞቹ ወደሚሠሩበት ብርሃን ይመለከታሉ። ተራራ በበዛበት በዚያ ግንባር መኪና በማይሄድበት መንገድ ቁስለኛ የሚጓጓዘው በእነሱ ነበር። ሰዓሊው ትንሣኤን በሣለ ጊዜ፥ ከእንስሳት ነፍስ ጉዳይ አስቀድሞ፥ በዚያ ሌሊት ማን ምን ተሸክሞ እንደ መጣ ያስታውስ ነበር፤ አሥር ዓመት አልፎም አልረሳውም፥ ከመኮንኖቹ መካከል እንኳ አንዱን ብቻ ባስገባበት ግድግዳ ላይ ሁለቱን በመካከል አኖራቸው።